«ኢምፖሲብል ፕሪንሰስ»፦ የካይሊ ሚኖግን አድናቂዎች ለሁለት የከፈለው አልበም

«ኢምፖሲብል ፕሪንሰስ» አውስትራሊያዊቷ የፖፕ ድምፃዊት ካይሊ ሚኖግ ያወጣችው ስድስተኛ የስቱዲዮ አልበም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 በመጀመሪያ በጃፓን፣ ቀጥሎም በአውስትራሊያ፣ በማርች 1998 ደግሞ በብሪታንያ ለአድማጭ ቀረበ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አልበሙ 12 ዘፈኖች አሉት፤ በሁሉም ግጥሞች ውስጥ የድምፃዊቷ የራሷ እጅ አለበት። ከ1987 ጀምሮ ስሟ ከሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ርቆ የማያውቀውን ይህችን ዘፋኝ በሩቁ የሚያውቃት ሰው አልበሙን ላያውቀው ይችላል። የቅርብ አድናቂዎቿ ግን ከሌሎቹ ሥራዎቿ ሁሉ ይበልጥ የሚከራከሩት በእርሱ ነው። ክርክሩን በጥሞና ለተከታተለው፣ ዋናው ጥያቄ ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ የሚለው ሳይሆን፣ እውነተኛዋ ካይሊ የትኛዋ ናት የሚለው ነው።

ጥያቄው መነሻው ከአልበሙ በፊት ነው። በ1968 በሜልቦርን የተወለደችው ካይሊ በመጀመሪያ የታወቀችው «ኔይበርስ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሻርሊን የምትባለውን ገፀ ባሕርይ በመጫወት ነበር። ወደ ሙዚቃ ስትገባ ስቶክ፣ ኤይትከንና ዋተርማን በሚባሉት ሦስት የለንደን ፕሮዲውሰሮች እጅ ወደቀች። እነርሱ ግጥሙንና ዜማውን ደርሰው፣ ሙዚቃውንም አቀናብረው ይጠብቋታል፤ የእርሷ ድርሻ ስቱዲዮ ገብቶ መዝፈን ነበር። «አይ ሹድ ቢ ሶ ለኪ» በ1988 በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው በዚህ አሠራር ነው። አሠራሩ ዝናም ገንዘብም አምጥቶላታል፤ በሌላ በኩል ግን ሌሎች የሚያዟት አሻንጉሊት ናት የሚል ስም አትርፎላታል። በ1992 ከእነርሱ ተለይታ በ1993 በዳንስ ሙዚቃ ከሚታወቀው ዲኮንስትራክሽን ኩባንያ ጋር ተዋዋለች፤ በ1994 «ካይሊ ሚኖግ» የተሰኘውን አልበም ሠራች፤ በ1995 ደግሞ ከአገሯ ልጅ ከሮክ ዘፋኙ ከኒክ ኬቭ ጋር በተጫወተችው የግድያ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ብዙዎችን አስገረመች። በ1996 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል በተካሄደ የግጥም ዝግጅት ላይ፣ ያንኑ «አይ ሹድ ቢ ሶ ለኪ» የተባለውን የልጅነት ዘፈኗን ያለ አንዳች ሙዚቃ እንደ ግጥም አነበበችው። በሌሎች የተጻፈላትን ዘፈን በራሷ አንደበት አንብባ የራሷ ያደረገችበት ያ ምሽት ለአዲሱ አልበም እንደ መግቢያ ሊቆጠር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አብዛኞቹ ዘፈኖች የተሠሩት ብራዘርስ ኢን ሪዝም ተብለው ከሚጠሩት ከስቲቭ አንደርሰንና ከዴቭ ሲማን ጋር ነው። ሶፍት ሴል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ቡድን አባል ዴቭ ቦልና ኢንጎ ቫውክ ቀዝቃዛና ኤሌክትሮኒክስ የበዛበትን ክፍል ሲያበጁ፣ የሮክ ባንዱ የማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ አባላት ጄምስ ዲን ብራድፊልድና ሾን ሙር ደግሞ ጊታር የበዛበትን ድምፅ ይዘው መጡ። እነዚህ ወገኖች የመጡበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ አልበሙም በአንድ መልክ የተቀረጸ አይደለም።

መክፈቻው «ቱ ፋር» ሙከራው ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል። ከበሮው ድራም ኤንድ ቤዝ በሚባለው ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ፍጥነት ይጋልባል፤ ከሥሩ ፒያኖና የክር መሣሪያዎች ይሰማሉ፤ ድምፃዊቷም ግማሹን እያወራች ግማሹን እየዘፈነች ቃላቱን ትንፋሽ ሳትወስድ ታንደረድራቸዋለች። የቀድሞዋን ካይሊ ጠብቆ ሲዲውን የከፈተ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያገኘው የሚደነስበት ዝማሬ ሳይሆን ራሷን የምትሞግት ሴት ነው። «ብሪዝ» በተቃራኒው ድምፅዋን ወደ ሹክሹክታ አውርዶ የተረጋጋ ሲሆን፣ «ካውቦይ ስታይል» ደግሞ ቫዮሊንን ከደማቅ ከበሮ ጋር ያጣምራል።

አልበሙ የሚገባውን ትኩረት ያላገኘበት ምክንያት ከጥራቱ ይልቅ ከአወጣጡ ጋር የተያያዘ ነው። የሚወጣበት ጊዜ ደጋግሞ ተራዘመ። በኦገስት 31 ቀን 1997 የዌልሷ ልዕልት ዳያና በመኪና አደጋ ስትሞት፣ «ልዕልት» የሚል ቃል ያለበትን ርዕስ በብሪታንያ ገበያ ላይ ማዋል የማይታሰብ ሆነ። ርዕሱ የተወሰደው ገጣሚው ቢሊ ቻይልዲሽ ለአንድ የግጥም መድበሉ ከሰጠው ስም እንጂ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ በዚያ የኀዘን ወቅት ግን ይህን ማስረዳት ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ አልበሙ በብሪታንያ «ካይሊ ሚኖግ» ተብሎ ወጣ። ይህ ውሳኔ ሌላ ችግር አስከተለ። የ1994ቱ አልበምም ስሙ ይኸው ነበርና፣ ሱቅ የገባ ገዥ በአራት ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት አልበሞችን በስም መለየት አይችልም ነበር። ለስም ለውጡ የቀረበው ምክንያት ይገባኛል፤ የተመረጠው አዲስ ስም ግን አልበሙን መለያ አልባ አድርጎታል።

በዚህ ላይ የተጨመረው የነጠላ ዜማ ምርጫ ነው። በሴፕቴምበር 1997 ቀድሞ የተለቀቀው ጊታር የበዛበት «ሰም ካይንድ ኦፍ ብሊስ» በብሪታንያ 22ኛ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በፊት የወጡት ነጠላ ዜማዎቿ አንዱም በዚያ አገር ከ20ዎቹ ውጭ ሆኖ አያውቅም ነበር። ተከታዮቹ «ዲድ ኢት አጌን» እና «ብሪዝ» 14ኛ፣ አልበሙ ራሱ 10ኛ ደረጃ ላይ ደረሱ። በአውስትራሊያ አራተኛ ወጥቶ የተሻለ አቀባበል ቢያገኝም፣ በብሪታንያ ጋዜጦች «ኢንዲ ካይሊ» የሚል የፌዝ ቅጽል ወጥቶላት ነበር፤ የፖፕ ዘፋኝነቷን ትታ የሮክ ሰዎችን ልትመስል ሞከረች ለማለት ነው።

በአድናቂዎች መካከል ያለው ክፍፍል ከዚህ ቅጽል ብዙም አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቿ ያደጉትና በ2001 ዓለምን ባዳረሰው «ካንት ጌት ዩ አውት ኦፍ ማይ ሄድ» የተዋወቋት ብዙዎች አልበሙን የባዕድ ሥራ ያህል ይቆጥሩታል። ካይሊን የሚወዷት ለምትሰጣቸው ደስታ ነው፤ በዚህ አልበም ውስጥ ግን ደስታው በጥርጣሬና በቁጣ ተሸፍኖባቸዋል። ሌላው ወገን ደግሞ እርሷን በእውነት የምናገኛት እዚህ ብቻ ነው ባይ ነው፤ ሌላ ሰው በጻፈላት ደስታና ራሷ በጻፈችው ጭንቀት መካከል መምረጥ ካለብን ሁለተኛው ይቀርባታል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በጊታር ዘፈኖቹ ላይ ሲደርሱ ግን ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ ድምፅዋ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ «ሰም ካይንድ ኦፍ ብሊስ» ላይ በጊታሩ ይዋጣል። እኔም በዚህ ነጥብ ከእነርሱ ጋር ነኝ። «ቱ ፋር» ወይም «ዲድ ኢት አጌን» ቀድሞ ተለቆ ቢሆን ኖሮ አድማጩ የተሻለ መንገድ ያገኝ ነበር የሚለውም አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የባዕድ ሥራ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም፤ ግጥሙን ራሷ የጻፈችውን አልበም የእርሷ አይደለም ማለት ያስቸግራል።

ካይሊ ራሷ ለዚህ ክርክር ቀድማ መልስ የሰጠች ያህል ነው። በ«ዲድ ኢት አጌን» ቪዲዮ ላይ አራት ካይሊዎች ይታያሉ፦ ቆንጆዋ፣ አማላይዋ፣ ኢንዲዋና ዳንሰኛዋ። በፖሊስ ጣቢያ ማንነታቸው እንደሚጣራ ተጠርጣሪዎች ይሰለፋሉ፤ ወዲያው ፀጉር ለፀጉር ተያይዘው ይደባደባሉ። ማንኛቸውም አሸናፊ ሆና አትወጣም። ጋዜጦቹ የሰጧትን ስሞች ሁሉ ወስዳ በራሷ ፊት ያለበሰቻቸው በመሆኑ፣ ከአልበሙ ጋር ከተሠሩት ምስሎች ሁሉ ይኸኛው ይበልጥብኛል።

የብዙ ተጠራጣሪ አድናቂዎችን ልብ የመለሰው ግን መድረኩ ነው። በ1998 «ኢንቲሜት ኤንድ ላይቭ» በሚል ስም በአውስትራሊያና በለንደን ያደረገችው ጉዞ በትልልቅ አዳራሾች ሳይሆን በትያትር ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ የአዲሱ አልበም ዘፈኖች ከአሮጌዎቹ ጎን ተሰልፈው ቀረቡ። «አይ ሹድ ቢ ሶ ለኪ» ፍጥነቱ ተቀንሶ በፒያኖ የሚታጀብ የትካዜ ዜማ ሆነ፤ አባ የተባለውን የስዊድን የፖፕ ቡድን ዘፈን «ዳንሲንግ ኩዊን» ተጫወተች፤ በስቱዲዮ ቅጂ ደረቅ የመሰሉት የአዲሱ አልበም ዘፈኖችም በሕያው ባንድ ሲታጀቡ ሥጋ ለበሱ። የዚህን ጉዞ ቅጂ ከሰማ በኋላ ወደ አልበሙ የተመለሰ አድማጭ ሁለቱ ካይሊዎች በአንድ ምሽት ያለ ጠብ ሲዘፍኑ ሰምቷልና፣ የቀድሞ ክርክሩን በያዘበት ጥንካሬ መያዝ ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ ከዲኮንስትራክሽን ተለይታ በ1999 ፓርሎፎን ወደተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ተዛወረች፤ በ2000 የወጣው «ላይት ይርስ» ወደ ዲስኮ መልሷት «ስፒኒንግ አራውንድ» በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። ይህን ስኬት አንዳንዶች የ1997ቱ ሙከራ ስህተት እንደነበር ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። የአልበሙ ወዳጆች በበኩላቸው፣ ያለዚያ ሙከራ በራሷ የምትተማመነው የ2000ዋ ካይሊ አትገኝም ነበር ይላሉ። በ2003 አልበሙ በተጨማሪ ዲስክ ታጅቦ በድጋሚ ታተመ፤ በ2022 ደግሞ 25ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ በሸክላ ወጣ። በብሪታንያ የተነፈገው ርዕስም በሽፋኑ ላይ ተመለሰለት።

በእርግጥ ርዕሱ ከአልበሙ ውስጥ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም ነበር። የመጨረሻው ዘፈን «ድሪምስ» በሰፊ የኦርኬስትራ ቅንብር ታጅቦ ሲያበቃ ካይሊ እነዚያኑ ሁለት ቃላት በአዝማቹ ውስጥ ትዘፍናቸዋለች። በ1998 የብሪታንያውን ቅጂ ገዝቶ እስከ 12ኛው ዘፈን ድረስ በትዕግሥት ያዳመጠ ሰው፣ ከሽፋኑ የተፋቀውን ስም ከራሷ አፍ ሰምቶታል።