የሠራተኛ ማትጊያ ምንድን ነው?

ማትጊያ ማለት ሠራተኛው ተቆጪ ሳያስፈልገው ተግቶ እንዲሠራ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው። ገንዘብ ነክ ከሆኑት መካከል የደመወዝ ጭማሪ፣ ጉርሻ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል ይገኛሉ። ገንዘብ ነክ ያልሆኑት ደግሞ ዕውቅና፣ ሥልጠና፣ የሥራ ዋስትና፣ የአለቃ አክብሮትና የመሳሰሉት ናቸው። የደረጃ ዕድገት ደመወዝንም ማዕረግንም አስከትሎ ስለሚመጣ ከሁለቱም ወገን ይቆጠራል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ደመወዝን የመደበው ሲጎድል ከሚያስከፉ፣ ሲሟላ ግን ትጋትን ከማይፈጥሩ ነገሮች ጋር ነው። ይሁንና ያነጋገራቸው የአሜሪካ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ነበሩ። የወር ገቢው ለወሩ ቀለብ የማይበቃው ሠራተኛ በዚያ ጥናት ውስጥ የለም። ስለ እርሱ ቀድሞ የጻፈው የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሃርቪ ላይበንስታይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957። በድሃ አገር ደመወዝ ሲሻሻል ሠራተኛው የተሻለ ይመገባል፣ የተሻለ ሲመገብም የበለጠ ያመርታል ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ገንዘብ መደለያ ሳይሆን ጉልበት ነው።

ክፍያ ልማድን ሲቀይርም ታይቷል። በሕንድ ራጃስታን ገጠር መምህራን ክፍል መግባታቸውን ቀንና ሰዓት በሚመዘግብ ካሜራ እንዲያረጋግጡ ተደርጎ ደመወዛቸው ከተገኙባቸው ቀናት ጋር ሲያያዝ፣ 42 በመቶ የነበረው መቅረት ወደ 21 በመቶ ወረደ። መገኘት ስለሚቆጠር ተሳካ፤ አንድ ነርስ ለታማሚ የምታሳየውን ርኅራኄ ግን የትኛው ካሜራ ይመዘግበዋል?

በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ የተካሄደው ሙከራ ወደ ሌላው ጽንፍ ይወስደናል። ፀጉር አስተካካዮች ከሥራቸው ጎን ለጎን የሴቶች ኮንዶም እንዲሸጡ ተጠየቁ። ለከፊሎቹ ከሽያጩ ገንዘብ ታሰበላቸው፤ ለሌሎቹ ደንበኛ በሚያየው ሰሌዳ ላይ በየሽያጩ ኮከብ ተለጠፈላቸው። ባለኮከቦቹ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሸጡ።

አለቆች ይህን ውጤት መጥቀስ ይወዳሉ፤ ኮከብ ርካሽ ነውና። የሚዘነጉት ግን ፀጉር አስተካካዮቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከመቀሳቸው መሆኑን ነው። ኮከቡ ኑሯቸውን ተክቶ አልመጣም። ደመወዙ በየወሩ ለሚዘገይበት፣ የደረሰውንም የዋጋ ንረት ለሚሸረሽርበት ሠራተኛ ያው ኮከብ ቢለጠፍለት እንደ ስላቅ ነው የሚቆጥረው።