«ውኃ የማያስገባ» ጓንት ምንድን ነው?

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ስኖኳልሚ የሚባል፣ እንደኛው ጣርማ በር ያለ የተራራ በር ይገኛል። የከተማው ሰው በብርዱ ወራት የበረዶ ሸርተቴ ለመጫወት የሚወጣው ወደዚያ ነው። በካስኬድ ተራሮች ላይ የሚወርደው በረዶ የፓሲፊክን እርጥበት ተሸክሞ ስለሚመጣ ከባድና ውኃ ያዘለ ነው፤ የአገሩ ሰዎች «የካስኬድ ኮንክሪት» ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁ ዕለት በእጄ ላይ የነበረው ጓንት መለያው ላይ በትልልቅ ፊደላት «ውኃ የማያስገባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጣቶቼ ከባልዲ የወጡ መሰሉ። ጓንቱን ስጎትተው ገበሩ ከረጠበው እጄ ጋር ተጣብቆ ተገልብጦ ወጣ፤ አምስቱን ጣቶች ወደየቤታቸው ለመመለስ በደነዘዘ እጅ ስታገል ቆየሁ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሻጩን እረግም ነበር።

እርግማኑ ያለ ቦታው እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው። ያቺ የመለያ ሐረግ የምትናገረው ስለ ጓንቱ በጠቅላላው አይደለም። አንድን የበረዶ ሸርተቴ ጓንት በምላጭ ሰንጥቀን ብናየው ውጪው ናይለን ወይም ቆዳ ነው፤ ከሥሩ በእጅ ቅርጽ የተሠራ ስስ ከረጢት አለ፤ ቀጥሎ ሙቀት የሚይዘው ሙሌት፣ በመጨረሻም እጃችንን የሚነካው ገበር ይመጣል። ውኃ የማያስገባው ከረጢቱ ብቻ ነው፤ ሜምብሬን ይባላል። ውጪው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ሊከብድ፣ ገበሩ በላብ ሊርስ፣ በአንጓ በኩል በረዶ ሊገባ ይችላል። ይህ ሁሉ ደርሶም መለያው አልዋሸም።

ከሜምብሬኖች ሁሉ ስሙ የገነነው ጎርቴክስ ነው። የመጣውም ምግብ እንዳይዝ መጥበሻ ከሚለበጥበት ከቴፍሎን ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ቦብ ጎር በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት፣ አባቱ በመሠረተው ኩባንያ ውስጥ፣ የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በቀስታ ሊለጥጥ ይሞክራል። ዘንጉ ግን እየተበጠሰ ያስቸግረዋል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ ሲያልቅ በድንገት መነጨቀው፤ ሳይበጠስ እንደ ማስቲካ ተዘረጋ። የተዘረጋው ነገር ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነበር። ኩባንያው እንደሚለው አንዱ ቀዳዳ ከውኃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያነሰ፣ ከውኃ ተን ሞለኪውል ግን 700 ጊዜ የሰፋ ነው። ስለዚህ ጠብታው ሲታገድ ላባችን ተን ሆኖ ያልፋል። «የሚተነፍስ» የሚለው ሁለተኛው የመለያ ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ቀዳዳ የሌላቸው፣ እርጥበቱን ራሳቸው መጥጠው ወደ ውጪ የሚያስተላልፉ፣ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ሜምብሬኖችም አሉ።

ሜምብሬኖች ውኃ የመከልከል ጥንካሬያቸው በሚሊሜትር ይጻፋል። 10,000 ሚሊሜትር ማለት 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው። ለዝናብ ይህ ብዙ ነው። እጅ ግን እንደ ትከሻ ዝናብ ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ምርኩዝ ይጨብጣል፣ የረጠበ ገመድ ይጎትታል፣ ጀማሪ ሲወድቅ ደግሞ መላ ሰውነቱን በመዳፉ በረዶ ላይ ይደግፋል። በዚያ ላይ የጓንት ስፌት በአምስት ጣቶች ዙሪያ ይዞራል፤ በየደቂቃውም ይታጠፋል። ጥሩ ጃኬት ከመሥራት ጥሩ ጓንት መሥራት ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

የሚተነፍሰው ነገርም እንደሚወራለት አይደለም። ተን የሚወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጪው ደረቅ ሲሆን ነው። የላይኛው ጨርቅ ውኃ ከጠጣ መውጫው ይዘጋል፤ ላቡ እንደ ድስት ክዳን ጠብታ እየሆነ ወደ እጅ ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን ጨርቁ ውኃ በጎመን ቅጠል ላይ እንደሚንከባለለው ጠብታ እንዲሆን የሚያደርግ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ በአጠቃቀም ይለቃል፤ መታደስ አለበት። ቀድሞ የተለመደው ዓይነት በተፈጥሮ የማይበሰብስ የፍሎሪን ውሕድ ስለነበረ አምራቾች እየተዉት ነው፤ የተተካው ቅባት ዘይትና እድፍ ስለማይችል ይበልጥ ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግራል። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚበነውን አመዳይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውን፣ ሁሉንም «በረዶ» ብለን እናልፋለን። ለጓንት ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ዴንቨር ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት የኮሎራዶ በረዶ በአብዛኛው ደረቅና ቀላል ነው፤ እፍ ሲሉት ይበናል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ የሚያርስ ውኃ ስለሌለ፣ ሜምብሬን የሌለው በንብ ሰም የታሸ የቆዳ ጓንት ጥሩ ያገለግላል። አስቸጋሪው በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ያለው የሲያትል በረዶ ነው። ብርዱ ሲቀንስ የጓንት ምርጫ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደ እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ይማራል።

ሙቀትና ድርቀት ተነጣጥለው የማይታዩትም ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ ነው። በሙሌቱ ውስጥ እጅን የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። የወፍ ላባ ሲረጥብ ተጣብቆ አየሩን ያጣል፤ ሰው ሠራሽ ሙሌትና ሱፍ ግን ረጥበውም ትንሽ ሙቀት ይተርፋቸዋል። ጠባብ ጓንትም አየሩን ጨምቆ ያወጣል፤ የደም ዝውውርንም ይገታል። ጓንት ሲለካ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት መቅረት ያለበት ለዚህ ነው። አውራ ጣት ለብቻው ሆኖ አራቱ ጣቶች በአንድ ከረጢት የሚገቡበት፣ ሚተን የሚባለው ዓይነት፣ ከባለ አምስት ጣቱ ይበልጥ ይሞቃል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ዚፕ ለመዝጋትና ጫማ ለማሰር ግን ሚተን ያናድዳል። ደግሞ ጓንት እሳት አይደለም፤ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከደም የመጣውን ይጠብቃል እንጂ። ገላ ሲበርደው ሰውነት ልብንና አንጎልን ለማዳን ደሙን ከጣቶች ይሰበስባል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የእጅ ብርድ መድኃኒቱ ተጨማሪ ሹራብ ነው።

ሥራው ራሱ የሚያሞቅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ነበር የተሰለፈው። በዚያ ዓይነት ውድድር እንደ ሯጭ ስለሚላብ የሚደረገው ቀጭን ጓንት ነው፤ ወፍራሙ እጅን ያበስላል። ቁልቁል የሚንሸራተተው ግን በተንጠልጣይ ወንበር ወደ ላይ ሲወጣ ነፋስ ላይ ተቀምጦ በብርድ ይደርቃል።

የበረዶ ተራራ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ድንቅ ጓንት ፍለጋ አይደክምም፤ ሦስት ጥንድ ይይዛል። ለአቀበቱ ቀጭን የሱፍ፣ ለገመድና ለበረዶ ዶማ መዳፉ ቆዳ የሆነ፣ ለጫፉና ለክፉ ቀን ትልቅ ሚተን። በጣም ሲቀዘቅዝ ተኑ ከሜምብሬኑ ሳይደርስ ሙሌቱ ውስጥ ይጋግራል፤ በብዙ ቀን ጉዞ ጓንቱ በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ለዚህ አንዳንዶች ከሁሉም ሥር የሐኪም ላስቲክ ጓንት ያደርጋሉ። እጁ ይርሳል፤ ሙሌቱ ግን ደረቅ ሆኖ ይሰነብታል። ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጓንትን ከእጅ አንጓ ጋር የሚያስር ክር ብዙ ሰው የልጅ ነገር አድርጎ ይንቀዋል። ሰኔ 3 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሞሪስ ሄርዞግ ከሉዊ ላሽናል ጋር 8,091 ሜትር ከፍታ ካለው ከአናፑርና ጫፍ ደረሰ፤ ሲወርድ የጀርባ ቦርሳውን ለመክፈት ጓንቶቹን አውልቆ አስቀመጣቸው። ተንሸራተው ቁልቁል ሄዱ። ቦርሳው ውስጥ በጓንት ፈንታ ሊያጠልቀው የሚችል ትርፍ ካልሲ ነበረው፤ አላሰበውም። አብዛኛዎቹን የእጅ ጣቶቹን በብርድ አጣ።

ስለ መዳፉ ቆዳ ስናወራ፣ የእኛ ሰው በዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም። የሰላሌ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ በተለይ ለጓንት ይፈለጋል፤ የባቲ ፍየልም በስሙ የታወቀ ነው። በበረዶ ጓንት መዳፍ ላይ የፍየል ቆዳ ይዘወተራል፤ ስስ ሆኖ መቦጨቅን ይችላል። የቆዳ ጓንት ሲረጥብ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

መደብር ውስጥ እኔ አሁን የማደርገው እጄን አስገብቼ ቶሎ መንጨቅ ነው፤ ገበሩ ከተከተለኝ ጓንቱን እመልሰዋለሁ፤ ከሙሌቱ ጋር በደንብ አልተያያዘምና። ቀጥሎ ጡጫ እጨብጣለሁ፤ አንጓው ላይ ያለውን ማጥበቂያ በሌላው ባለ ጓንት እጄ እስበዋለሁ። በጓንት የማይሳብ ማጥበቂያ ተራራ ላይም አይሳብም።

ያንን የረገምኩትን ጓንት ግን አልጣልኩትም። ሲደርቅ አንድ ቀን አጥልቄው እስከ አንጓዬ ድረስ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጡጫዬን እየጨበጥኩ እየፈታሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ስፈታው እጄ ደረቅ ነበር። የዚያን ቀን በስኖኳልሚ ፎቶ ለማንሳት ስንት ጊዜ ባዶ እጄን እርጥብ በረዶ ውስጥ እንዳወጣሁና መልሼ እንደከተትኩ፣ ማጥበቂያውንም አንድም ጊዜ እንዳልሳብኩት ያኔ ትዝ አለኝ።