ቤትና ቢሮ ያለን የፓስወርድ ማኅደር ማዋሃድ

የፓስወርድ ማኅደር ብዙ ፓስወርዶች ተመስጥረው፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ ተደርገው፣ በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ማኅደር ማዋሃድ ማለት በሁለት ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ የተለወጡ ቅጂዎችን፣ የአንዱም ለውጥ ሳይጠፋ፣ አንድ ማድረግ ነው። ማናበብ ደግሞ ይህንኑ በየጊዜው፣ ከተቻለም ያለ ሰው እጅ ማስኬድ ነው። ሥራው በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው በጣም ቅርብ ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ባለሙያ አንድ ኮምፒውተር ቤቱ፣ ሌላው መሃል ከተማ ቢሮው ይኖረዋል። ጠዋት ቢሮ የተቀየረው ፓስወርድ ማታ ቤት አይገኝም። ማታ ቤት የተመዘገበው አዲስ አካውንትም ጠዋት ቢሮ የለም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ከተማዋ ወደ ዳር ሰፍታለች። ኑሮው ወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን በአብዛኛው መሃል ቀረ። ዳር ላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሥራው ብዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የደንበኞቹን ግብር በኢንተርኔት ያሳውቃል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዲቪ ይሞላል፣ የፓስፖርት ቀጠሮ ያስይዛል፣ ኢሜይል ይከፍታል። የዚህ ሁሉ ፓስወርድ ዛሬም በብዙ ቦታ ደብተር ላይ ነው የሚጻፈው። ደብተሩን ትተው የተመሰጠረ ማኅደር የያዙት ባለሙያዎች ሊመሰገኑ ይገባል። የሰው አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

አጭር ታሪክ

አሜሪካዊው የምስጠራ ሊቅ ብሩስ ሽናየር ፓስወርድ ሴፍ የተባለውን የማኅደር ፕሮግራም በ1997 እ.ኤ.አ አወጣ። ጀርመናዊው ዶሚኒክ ራይክል በ2003 እ.ኤ.አ ኪፓስ የተባለውን ሌላ የማኅደር ፕሮግራም ለቀቀ። ቀጥሎ ሊኑክስ ለሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን ለሚያሠራ ሥርዓት የተሠራው ኪፓስኤክስ መጣ። የእሱ እድገት ሲቀዘቅዝ በ2016 እ.ኤ.አ በጎ ፈቃደኞች ኪፓስኤክስሲ ብለው ቀጠሉት። ኪፓስና ኪፓስኤክስሲ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም፣ ኮዳቸውም ለሁሉ ክፍት ነው። ማኅደሩን ኬዲቢኤክስ በሚባል አንድ ፋይል ያስቀምጣሉ። ለአንድሮይድ ስልክ ያለው ኪፓስዲኤክስም ይህንኑ ፋይል ይከፍታል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር ከእነዚህ የተሻለ የለም።

ውህደቱ እንዴት ይሠራል

ብዙ ሰው ማዋሃድ የሚመስለው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መጥቶ በድሮው ላይ መገልበጥ ነው። ዊንዶውስ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰውየው «አዎ» ይላል። ቤት የተመዘገበው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ይህ መተካት ነው፣ ማዋሃድ አይደለም።

እውነተኛው ውህደት የሚሠራው መዝገብ በመዝገብ ነው። መዝገብ የአንድ አካውንት ስም፣ ፓስወርድና ማስታወሻ በአንድ ላይ ነው። በማኅደሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መዝገብ ሲፈጠር ከሌላው ጋር የማይመሳሰል መለያ ይሰጠዋል። መጨረሻ የተነካበት ጊዜም አብሮት ይጻፋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ፋይሎች ሲያገናኝ በመጀመሪያ መለያውን ያያል። በአንደኛው ብቻ ያለ መዝገብ በቀጥታ ይጨመራል። በሁለቱም ካለ ጊዜያቸው ይነጻጸራል፣ የቅርቡም ያሸንፋል። የተሸነፈው ግን አይጣልም። በመዝገቡ የኋላ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ኪፓስ ለአንድ መዝገብ እስከ 10 የቀድሞ ቅጂ ይይዛል። «የድሮው ፓስወርድ የት ገባ?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ውህደቱ መዝገቡን የሚያየው እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው። ቢሮ ፓስወርዱ ቢቀየር፣ ቆይቶ ቤት የዚያው መዝገብ ማስታወሻ ላይ ስልክ ቁጥር ቢጨመር፣ ፕሮግራሙ ፓስወርዱን ከዚህ፣ ማስታወሻውን ከዚያ አይወስድም። የቤቱ ሙሉ መዝገብ ከነአሮጌው ፓስወርድ ያሸንፋል። አዲሱ ፓስወርድ ኋላ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

መሰረዝም በጊዜ ነው የሚዳኘው። ማኅደሩ የተሰረዘውን መዝገብ መለያና የተሰረዘበትን ሰዓት ይይዛል። ስረዛው ከመጨረሻው ለውጥ በኋላ ከሆነ መዝገቡ ከሌላውም ይወገዳል። ከስረዛው በኋላ ሌላ ቦታ ተነክቶ ከሆነ ግን ይተርፋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱ ፋይሎች ከአንድ እናት ፋይል ከተቀዱ ነው። አንድን አካውንት ቤትም ቢሮም ለየብቻ በእጅ የመዘገበ ሰው መለያዎቹ ስለሚለያዩ መዝገቡ ሁለት ይሆንበታል። ስለዚህ ሲጀመር ማኅደሩ አንድ ቦታ ብቻ ይከፈታል፣ ወደ ሌላው ይቀዳል።

በኪፓስ ሥራው ፋይል ከሚለው ሜኑ ሲንክሮናይዝ ውስጥ ይገኛል፣ ሁለቱንም ፋይል በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። በኪፓስኤክስሲ ዳታቤዝ ከሚለው ሜኑ መርጅ የሚለው ይመረጣል። እሱ የሚያድሰው የተከፈተውን ብቻ ነው። በፍላሽ የመጣው እንደነበረ ይቀራል፣ ስለዚህ የታደሰው ተመልሶ ይቀዳበታል። ኪፓስ ፋይሉ በጀርባ ተለውጦ ካገኘው ሴቭ ሲደረግ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ሲንክሮናይዝ (አዋህድ) እና ኦቨርራይት (ተካ) የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ነው የሚጫነው።

የሰዓት ጉዳይ

ውህደቱ በሰዓት ስለሚዳኝ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተዛባ ፍርዱም ይዛባል። ይህ እኛ ጋ በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንዱ ባትሪ ነው። የቆየ ዴስክቶፕ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ብራውዘሩም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። በዚያ ቀን የተቀየረ ፓስወርድ ቢሮ ካለው ጋር ሲገናኝ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፣ ይሸነፋል። ባትሪዋን መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሌላው የኛው አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ የአበሻ ሰዓት እንዲያሳየው 6 ሰዓት ወደኋላ የሚያስተካክል ሰው አለ። ኬዲቢኤክስ ጊዜን የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ይህም ከአገራችን የፈረንጅ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ እሱንም ከኮምፒውተሩ ሰዓት አስልቶ ያገኘዋል። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ትክክል ነው እንበል። ከሰዓት በ10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 16:00፣ ቢሮ አንድ መዝገብ ተነካ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 13:00 ተብሎ ተጻፈ። ማታ በ2 ሰዓት ቤት ያው መዝገብ ተቀየረ፣ ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተር ግን ሰዓቱ 14:00 ስለሚል 11:00 ብሎ ጻፈው። ሲዋሃዱ የቢሮው የቅርብ መስሎ ያሸንፋል። ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ የሚለውን የሰዓት ቀጠና መርጦ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መተው ይሻላል። ከማዋሃድ በፊት የሁለቱም ኮምፒውተር ቀንና ሰዓት ይታይ።

ፋይሉ እንዴት ይጓጓዛል

ዳር ሰፈር ያለ ሰው ዋና መጓጓዣው ፍላሽ ነው። ፋይሉ ራሱ የተመሰጠረ ስለሆነ ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅም ጠንካራ ዋና ፓስወርድ (ማኅደሩን ራሱን የሚከፍተው) ካለው ያገኘው ሰው አይከፍተውም። ግን በሥርዓቱ ሳይወጣ የተነቀለ ፍላሽ ፋይሉን ያበላሻል፣ ስለዚህ ሌላ ቅጂ ይኑር።

ላፕቶፑንና ዴስክቶፑን በአንድ ዋይፋይ የሚያገናኝ ሰው ሲንክቲንግ የሚባለውን ፋይል የሚያናብብ ፕሮግራም መጠቀም ይችላል። ፋይሉ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ ይሄዳል። ኢንተርኔት ባይኖርም ራውተሩ ወይም የስልክ ሆትስፖት ብቻ ይበቃል፣ ፓኬጅም አይበላም። ሁለቱም ቅጂዎች ለየብቻ ከተለወጡ አንዱን በስሙ ላይ ሲንክ ኮንፍሊክት የሚል ቃልና ቀን ጨምሮ ያስቀምጠዋል። ያንን ፋይል መሰረዝ አይገባም። ከዋናው ጋር ይዋሃዳል፣ ከዚያ ይወገዳል።

ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጡት ጎግል ድራይቭና ድሮፕቦክስም ያደርሳሉ። ቢትዋርደንን የመሳሰሉት የማኅደር አገልግሎቶች ደግሞ ማናበቡን በራሳቸው ሰርቨር ይሠራሉ። ምቹነታቸው አይካድም። ቢትዋርደን ግን ያለ ኔትወርክ ያነበበውን ያሳያል እንጂ ለውጥ አይቀበልም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና ለሳምንታት ሲቆይ፣ ማኅደሩ በፋይል የነበረው ሰው መዝገቡን መጨመርም መቀየርም ይችል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ ደግሞ ማኅደርን በራሱ ሰርቨር የሚይዘው የላስትፓስ ድርጅት ደንበኞች ማኅደር ቅጂ ተሰርቋል። አንዳንዶች ይህ የአንድ ድርጅት ችግር እንጂ የአሠራሩ አይደለም ይላሉ፣ ሊሆንም ይችላል። ኪፓስም በ2023 እ.ኤ.አ ዋናው ፓስወርድ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሊወጣ የሚችልበት ክፍተት ተገኝቶበት በ2.54 እትሙ ታርሟል። ኪፓስኤክስሲን አልነካውም።

ዋናው ፓስወርድ ሲቀየር የሚቀየረው የተከፈተው ፋይል ላይ ብቻ ነው። ፍላሽ፣ ስልክና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ የቀሩት ቅጂዎች በድሮው ፓስወርድ መከፈታቸውን ይቀጥላሉ። ተፈልገው አንድ በአንድ በአዲሱ ይተካሉ።