ሰዓት ጠብቆ የሚጥል ሁሉ መንፈስ አይደለም

«ሲስተር፣ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሰዓት ያውቅ ነበር? ሁልጊዜ ንጋት ላይ ነው የሚጥላት፤ ይህስ መንፈስ ነው።» ጎንደር ውስጥ የሚጥል በሽታ ታማሚዎችን በምንከታተልበት ክፍል ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ሰልችቶኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያመነ ቤተሰብ ውሎ አድሮ መድኃኒቱን ያስቆማል።

ሰዓት የሚያውቀው አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ፣ የ24 ሰዓቱን ዑደት የሚመሩ ሴሎች አሉ። ከዓይን የሚደርሳቸውን ብርሃን ተከትለው የእንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትንና የሆርሞኖችን ጊዜ ይወስናሉ። የአንጎል ሴሎች በቀላሉ የመቀስቀስ ጠባይም አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣው ሕመም ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ልብ ይጥላል፤ በጆሮ አቅጣጫ ካለው ክፍል የሚነሣው ደግሞ ይበልጡን ቀን ይመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጎወርስ አንዳንዱን ቀን፣ አንዳንዱን ሌሊት እንደሚጥለው የመዘገበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጠዋት ከመኝታዋ እንደተነሣች እጇን ድንገት ነጠቅ ያደርጋታል፤ የሻዩ ብርጭቆ ያመልጣትና ነጠላዋ ላይ ይፈስሳል። ስላልወደቀች ቤተሰቡ «ቡዳ በልቷታል» ብሎ ዝም አለ። ለፈተና ስታጠና ባደረች ማግስት ግን ወደቀች። ይህ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምርና ከእንቅልፍ እንደነቁ የሚመጣ የታወቀ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። እንቅልፍ ማጣት ቀንደኛ ቀስቃሹ ነው። ተስማሚ መድኃኒት ጀምራ በጊዜ መተኛት ስትለምድ ብርጭቆው መውደቁን ተወ።

«ካለፈ በኋላ ምንም የለም» የሚሉም አሉ። የሌሊት ሕመም ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ቀጣዩን ይጠራል።

ክብሪት እየጫሩ ማሽተት አንዳች አይረዳም። የታማሚው ለሐጭ በሽታውን አያስተላልፍም። አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኖባርቢታልን «ያደነዝዛል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። እንቅልፍ እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ማታ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ፣ ሕይወት የሚያሳጣ ሕመም ያስነሣል። ጠበል ተጠመቁ፤ ክኒኑ ግን በሰዓቱ ይዋጥ። በጾምም ቢሆን ሰዓቱ አይዛነፍ፤ ታማሚ መድኃኒቱን እንዳይወስድ የከለከለ የንስሐ አባት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የከተራን ሌሊት በፋሲለደስ መዋኛ ቆማችሁ አትደሩ፤ ተኝታችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ውኃው ውስጥም አትግቡ። ሕመሙ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ደግሞ የጣለበትን ቀንና ሰዓት፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ በደብተር ጻፉ። ለቀጠሮ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ መድኃኒቱ ጠዋት ይሁን ማታ የምንነጋገረው እሱን አይተን ነው።