ጄንትሪ ምንድን ነው? «መሳፍንት» ብሎ መተርጎም ለምን ያሳስታል

ሰር ሮጀር ኒውዲጌት ስለሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሳነብ «የመሳፍንት ዘር በመሆኑ ፓርላማ የገባ ሎርድ» የሚል አገኘሁ። ይህን መሰል ስህተት ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኒውዲጌት ሎርድ አልነበረም። ወገኑ ጄንትሪ ነው፤ በራሱ መሬት ገቢ የሚኖር፣ በአካባቢው የሚከበር፣ በሕግ ፊት ግን ከተራው ሰው የሚቆጠር ባለመሬት። ጸሐፊውን ያሳሳተው «ሰር» የሚለው ማዕረግ ይመስለኛል። ኒውዲጌት ባሮኔት ነበር፤ ማዕረጉን የወረሰው ገና ልጅ ሳለ በ1734 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወንድሙ ሲሞት ነው። ባሮኔትነት ይወረሳል፤ ነገር ግን ሎርዶች ሳይመረጡ በሚቀመጡበት በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር አያሰጥም። ባሮኔቶችን ከጄንትሪው ለይተው የሚያስቀምጡ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሎርድ የሚላቸው ግን የለም።

ስለዚህ ኒውዲጌት ፓርላማ ለመግባት መመረጥ ነበረበት። ከ1742 እስከ 1747 የሚድልሴክስ አውራጃ ተወካይ ነበር። እዚያ የሚመርጡት በዓመት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ነጻ ይዞታ ያላቸው ወንዶች ናቸው። ከ1751 እስከ 1780 ደግሞ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን ወከለ፤ መራጮቹም የዩኒቨርሲቲው ዶክተሮችና ማስተሮች ነበሩ። ወደ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ አንድም የመንግሥት ሹመት አልያዘም።

ጸሐፊው «በመሬቱ ገባ» ቢል ኖሮ አልከራከረውም ነበር። በ1711 የወጣ ሕግ የአውራጃ ተወካይ በዓመት 600 ፓውንድ፣ የከተማ ተወካይ 300 ፓውንድ የመሬት ገቢ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተወካዮች ከዚህ ነጻ ቢሆኑም፣ የምክር ቤት አባል ደመወዝ ማግኘት የጀመረው በ1911 ነውና ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ለንደን ተቀምጦ ሊከርም አይችልም። ደጃፉ ላይ የሚጠየቀው መሬት እንጂ ዘር አልነበረም።

«ታዲያ ባላባት እንበለው?» የሚል አይጠፋም። ከመሳፍንት ይሻላል፤ ግን ርስትና ጉልትን ይዞብን ይመጣል። ጉልተኛ ሌሎች በርስት ከያዙት መሬት ግብር የመብላት መብት ያለው ሰው ነው፤ ርስቱ የባለርስቶቹ ነው። በዋሪክሺር በሚገኘው በኒውዲጌት ይዞታ በአርበሪ ግን መሬቱ የራሱ ነው፤ ጭሰኛው በውል ይገባል፣ ኪራዩን በገንዘብ ይከፍላል፣ ውሉ ሲያልቅ ይወጣል። ታዲያ ርስት ነው? እሱም አይደለም። የጎጃምና የጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ለሚወለድ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም ይደርሳል። (የደቡቡ ነገር ሌላ ስለሆነ እዚህ አልቀላቅለውም።) የጄንትሪው ይዞታ እንዳይከፋፈል ሳይሸነሸን ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም በቤተሰብ ውል ስለሚታሰር ባለቤት የሚባለው ሰው በሕይወት እስካለ ይበላበታል እንጂ እንደፈለገ አይሸጠውም። ከርስት ጋር የሚያመሳስለው ይኸው ብቻ ነው፦ መሬቱ ከያዘው ሰው በላይ ለመጪው ትውልድ ይታሰባል።

ደግሞም ኒውዲጌት የጭሰኛ ኪራይ ብቻ እየጠበቀ የኖረ ሰው አይደለም። ከመሬቱ ሥር የድንጋይ ከሰል ነበር። ከሰሉን ለማጓጓዝ በግቢው የራሱን ቦዮች አስቆፈረ፤ ለኮቨንትሪ ቦይ መሠራትም ከደከሙት አንዱ ነው። ከ1750 ገደማ ጀምሮ እስከ እርጅናው ድረስ የአርበሪን ቤት በጎቲክ ስልት ሲያሠራ ኖረ። የሳሎኑ ጣሪያ የተሠራው በዌስትሚንስተር ያለውን የሄንሪ ሰባተኛን ጸሎት ቤት አስመስሎ ነው፦ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ከግድግዳው የሚነሱ ቀጫጭን መስመሮች መሐል ላይ እየተገናኙ እንደ ዳንቴል ይጠላለፋሉ። ሲያዩት የተፈለፈለ ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ልስን ነው።

ሁለት ጊዜ አግብቶ ልጅ ሳይወልድ በ1806 በ87 ዓመቱ ሞተ። ባሮኔትነቱ ወራሽ አጥቶ አብሮት ከሰመ። መሬቱ ግን አልከሰመም፤ ፍራንሲስ ፓርከር ለሚባል ዘመዱ አለፈ። በርስት አገር ሰው መሬት ለማግኘት እስከ አቅኚው አባት ድረስ አያቶቹን ይቆጥራል፤ ባላባት የሚለው ቃልም «ባለ አባት» ነው። በአርበሪ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፦ ፓርከር መሬቱን ሲረከብ የአባቱን ስም ትቶ ኒውዲጌት ተባለ።