የማኅጸን በር ምርመራ ውጤት «ፖዘቲቭ» ሲባል

በገጠር ጤና ጣቢያ የማኅጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ያደረገች ሴት «ፖዘቲቭ» ስትባል ካንሰር የያዛት ይመስላታል፤ ኤችአይቪ ነው ብላ የምትደነግጥም አለች። ውጤቱ ግን ሁለቱንም አይልም። ባለሙያዋ የማኅጸኑን በር በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ጎልቶ የነጣ ቦታ ከታየ ፖዘቲቭ ይባላል። ይህም ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን የሚችል የሕዋስ ለውጥ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ የነጣው ቦታ ሰፊ ከሆነ ወይም ካንሰር ካስጠረጠረ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ከሕክምናው በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ግብረ ሥጋ ግንኙነት አይመከርም፤ ይህንን ባልየውም ከባለሙያዋ አፍ ቢሰማው ይሻላል። «ምንም አላመመኝም» ብሎ መቅረት አያዋጣም፤ ምርመራው የታሰበው ምንም ለማያማቸው፣ በኢትዮጵያ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ነው።