ፋስት ትራቭል ምንድን ነው? እንጠቀምበት ወይስ መንገዱን እንሂድ?

ስካይሪም የሚባለው ጌም ላይ አንድ ሰው ዊንድሄልም ከተማ የሚደርስ ዕቃ ሰጣችሁ እንበል። እናንተ ያላችሁት ሪፍተን የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ማፑን ትከፍታላችሁ፣ የዊንድሄልምን ምልክት ትጫናላችሁ፣ «ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ ትላላችሁ። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሎዲንግ ይመጣል፣ ከዚያ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ቆማችኋል። ጠዋት ተነስታችሁ ከሆነ አሁን ፀሐይዋ ቦታ ቀይራለች፤ ጌሙ የመንገዱን ሰዓት ቆጥሮባችኋል። ተኩላው፣ ሽፍታው፣ በመንገድ ያገኛችሁት የነበረው ነጋዴ ግን ሁሉም ተዘሏል። ፋስት ትራቭል ማለት ይኸው ነው፦ በኦፕን ወርልድ ጌም (በፈለጉት አቅጣጫ የሚዞሩበት ሰፊ ዓለም ባለው ጌም) ውስጥ መንገዱን ሳይጓዙ መድረሻው ላይ መገኘት።

ሕጉ እንደየጌሙ ይለያያል። ስካይሪም ላይ ቦታውን መጀመሪያ ራሳችሁ ሄዳችሁ ማግኘት አለባችሁ። አጠገባችሁ ጠላት ካለ አይቻልም፣ ዋሻ ውስጥ ሆናችሁ አይቻልም፣ ከአቅም በላይ ከተሸከማችሁም አይቻልም። (ፈረስ ላይ ከወጣችሁ ግን ሸክሙ አይከለክላችሁም። የድራጎን አጥንትና ቅርፊት ሰብስቦ መራመድ ላቃተው ሰው ይህች ነገር ትጠቅመዋለች።) ዘ ዊቸር 3 ላይ ደግሞ ካላችሁበት ተነስታችሁ መጥፋት የለም። መንገድ ዳር የተተከለ የአቅጣጫ ሰሌዳ ድረስ መሄድ ይጠበቅባችኋል፤ የምትደርሱትም ሌላ ሰሌዳ ጋ ነው። ኤልደን ሪንግ ይበልጥ ለቀቅ ያለ ነው። አንዴ ወደነካችሁት የግሬስ ብርሃን (የጌሙ ማረፊያ ቦታ)፣ ውጊያ ላይ ወይም ዋሻ ውስጥ ካልሆናችሁ በቀር፣ ከየትም ተነስታችሁ ትመለሳላችሁ።

ተጫዋቾች በዚህ ጉዳይ ከተከራከሩ አያባሩም። አንዱ ወገን «ማፑን ሳታይ ጌሙን ጨረስኩ አትበል» ይላል። ሌላው «እኔ ሥራ አለኝ፣ ያንኑ ኮረብታ አሥር ጊዜ የምወጣበት ጊዜ የለኝም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ተጫዋቹ ጠባይ ነው። እኔ ግን መልሱን የምፈልገው ጌሙን የሠሩት ሰዎች ዘንድ ነው፦ ሲሠሩት መንገዱ ላይ ሰው ይሄድበታል ብለው አስበዋል? ካሰቡ መንገዱን መዝለል ኪሳራ ነው። ካላሰቡ ደግሞ መራመዱ ምንም አይጨምርም።

ዘ ኤልደር ስክሮልስ የሚባለው የቤቴስዳ ተከታታይ ጌም ይህን ለማየት ይመቻል፤ በየክፍሉ ሐሳቡን ስለቀየረ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዳገርፎል መሬቱ ታላቋ ብሪታንያን ያህላል የተባለለት ነው። ያንን ሁሉ በእጅ መሥራት ስለማይቻል አብዛኛውን ኮምፒውተሩ ነው የፈጠረው፤ በከተማና በከተማ መካከል ያለውም ባዶ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ፋስት ትራቭል ግዴታ ነበር። ነገር ግን በነፃ አልነበረም። ማፑ ላይ ስትጫኑ ምርጫ ይቀርብላችኋል፦ በጥንቃቄ ትሄዳላችሁ ወይስ በጥድፊያ? የምታድሩት እንግዳ ማረፊያ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ጥንቃቄን ከመረጣችሁ ቀኑ ይረዝማል ግን በጤና ትደርሳላችሁ፤ ከተጣደፋችሁ ቶሎ ግን ተጎሳቁላችሁ ትደርሳላችሁ። ማረፊያው ገንዘብ ይበላል። ኩዌስቶቹ፣ ማለትም የሚሰጧችሁ ተልእኮዎች፣ የቀን ገደብ ስላላቸው ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ይገባ ነበር። መንገዱን ባታዩትም ዋጋውን ትከፍሉታላችሁ።

በ2002 ሞሮዊንድ መጣና ነገሩ ተገለበጠ። ማፑ ላይ ተጭኖ መሄድ ቀረ። ጌሙ የሚካሄድባት የቫርደንፌል ደሴት ከዳገርፎል ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ናት፤ ግን ድንጋይዋ ሳይቀር በሰው እጅ የተቀመጠ ነው። ታዲያ መጓጓዣ የለም ማለት አይደለም። ሲልት ስትራይደር የሚባል፣ እግሩ እንደ ምሰሶ የረዘመ ግዙፍ ነፍሳት አለ፤ ሰዎች ቅርፊቱን ቦርቡረው ውስጡ ተቀምጠው ይሄዱበታል። ጀልባ አለ። በአንዳንድ ከተሞች ያለው ሜጅስ ጊልድ፣ ማለትም የጠንቋዮች ማኅበር፣ ከፍላችሁ ወደ ሌላ ከተማ ጊልድ ይልካችኋል። ከዚያ ሌላ ድግምት አለ፤ አንዱ ምልክት ወዳደረጋችሁበት ቦታ ይመልሳችኋል፣ ሌላው በአቅራቢያ ወዳለው ቤተ መቅደስ ያደርሳችኋል።

ሁሉም መስመር ግን ሁሉም ቦታ አይደርስም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጥታ ታክሲ ያጣ ሰው መገናኛ ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ሌላ ይዞ እንደሚሄደው ነው። አልድሩን ከተማ አካባቢ ካለ ዋሻ ዕቃ ተሸክማችሁ ስትወጡ በድግምቱ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በእግር ሜጅስ ጊልድ ትገባላችሁ፣ ከፍላችሁ ባልሞራ የምትባል ሌላ ከተማ ትወርዳላችሁ። ይህን መስመር ማንም አላስተማራችሁም፤ አገሩን ስለለመዳችሁት ነው ያወቃችሁት። ለእኔ እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው የፋስት ትራቭል ዓይነት ይህ ነው፤ ፍጥነቱን የሚሰጣችሁ በእውቀታችሁ ልክ ስለሆነ።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ላንሳ። ጌሙ የሚጀምረው ሴይዳ ኒን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ባልሞራ ሂድ፣ ሳውዝ ዎል የሚባል መጠጥ ቤት ገብተህ ካየስ ኮሳደስ የሚባል ሰው ጠይቅ ትባላላችሁ። ሲልት ስትራይደሩ መንደሯ ዳር ቆሟል፤ ጥቂት ወርቅ ከፍላችሁ ወዲያው ባልሞራ መድረስ ትችላላችሁ። በእግር ከሄዳችሁ ግን ከመንደሯ ብዙም ሳትርቁ ከሰማይ ጩኸት ትሰማላችሁ። ቀና ስትሉ አንድ ጠንቋይ እየተምዘገዘገ ይወርድና ፊታችሁ ተፈጥፍጦ ይሞታል። ሬሳው ላይ ማስታወሻውንና ሦስት የበረራ ጥቅልሎች ታገኛላችሁ። አንዱን አንብባችሁ ስትዘሉ የደሴቲቱን ገሚስ በአየር ታቋርጣላችሁ። ደስታው ግን እስክታርፉ ነው፤ ድግምቱ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ በመሆኑ መሬት ስትነኩ እናንተም እንደ ጠንቋዩ ናችሁ። ብልጡ ተጫዋች ሁለተኛውን ጥቅልል ሊያርፍ ሲል ያነበዋል። ይህን ሁሉ በሲልት ስትራይደር የሄደው ሰው አላየም፤ እንዳለም አያውቅም።

በ2006 ኦብሊቪየን ሲወጣ የማፑ ፋስት ትራቭል ተመለሰ፣ ያውም ትልልቆቹ ከተሞች ከመጀመሪያው ክፍት ሆነው። አብሮትም ኩዌስቱ ያለበትን የምትጠቁም የኮምፓስ ቀስት መጣች። እነዚህ ሁለቱ መንትያ ናቸው ባይ ነኝ። ሞሮዊንድ ላይ አብዛኛው ንግግር ጽሑፍ ስለነበር ሰዎቹ «ወንዙን ተከትለህ ወደ ሰሜን፣ ድልድዩን ስታልፍ ወደ ግራ» እያሉ በሰፊው ያስረዱ ነበር። ኦብሊቪየን ላይ ንግግሩ ሁሉ በተዋናይ ድምፅ ስለተቀዳ እንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያ ተመናመነ። ቀስቷ ካለች፣ ማፑም ካለ፣ አቅጣጫ መንገር ለምን ያስፈልጋል?

ስካይሪምም በ2011 ይህንኑ ወረሰ። ቀስቷን አጥፍቼ እጫወታለሁ የሚል ሰው ቶሎ የሚያገኘው ችግር ይህ ነው፤ ጆርናሉ (ሥራዎቻችሁ የሚመዘገቡበት ዝርዝር) «እገሌን ግደል» ይላል እንጂ የት እንዳለ የምታውቀው ቀስቷ ብቻ የሆነችበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያም በላይ ጌሙ ራሱ እየፈበረከ የሚሰጣችሁ ማለቂያ የሌላቸው ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ካምፓኒየንስ ከሚባሉት ተዋጊዎች ጋር ስትቀላቀሉ ሌላ አውራጃ ድረስ ሄዳችሁ አንዱን ሰውዬ በቡጢ አስፈራርታችሁ እንድትመለሱ ትላካላችሁ። ይህን የጻፈው ሰው በእግር ይሄዱታል ብሎ አልጻፈውም። እንዲህ ላለው ሥራ ተራራ ማቋረጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ማፑን ከፍታችሁ ጨርሱት።

ያው ስካይሪም ግን ተራራ ላይ ወዳለው ሃይ ሮዝጋር ወደሚባል ገዳም የሚወስደው የሰባት ሺህ ደረጃ መንገድም አለው። አይቫርስቴድ መንደር ላይ ክሊመክ የሚባል ሰው ለመነኮሳቱ ስንቅ እንድታደርሱለት ይለምናችኋል። ትወጣላችሁ፣ ብርዱ ይበረታል፣ በየቦታው የተቀረጸ ድንጋይ ታነባላችሁ፣ ከዚያ ጠባቡ ገደል ላይ የበረዶ ትሮል ይጠብቃችኋል። ሌቭላችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከዚያ ፍጡር ጋር መጋፈጥ ቀልድ አይደለም፤ ስንቱ ሮጦ ያመለጠው ነው። መጀመሪያ ጊዜ በማፑ መዝለል ስለማይቻል ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ሁሉም ሰው ያወራዋልም።

ዳርክ ሶልስ፣ እሱም የ2011 ጌም፣ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትቶታል። የጌሙ ገሚስ እስኪያልቅ ድረስ ከቦታ ቦታ መዝለል አይቻልም፤ ሎርድቬሰል የሚባለውን ዕቃ ካገኛችሁ በኋላ ነው የሚፈቀደው። እስከዚያ ግን መሬቱ በአቋራጭ የተጠላለፈ ነው። ከብዙ መከራ በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሊፍት አግኝታችሁ ስትወርዱ ፋየርሊንክ፣ ማለትም የዋናው ጉዞ መነሻ ቦታ፣ ራሳችሁን ስታገኙት የሚሰማው እፎይታ ዝም ብሎ ማፕ በመጫን አይገኝም። በ2014 የወጣው ሁለተኛው ክፍል መዝለልን ከመጀመሪያው ፈቀደ፤ መሬቱም እንደ በፊቱ እርስ በርሱ የተሳሰረ አልነበረም። አንዱ ሌላውን ያስከተለው ይመስለኛል።

በቅርቡ ደግሞ ድራገንስ ዶግማ 2 ክርክሩን አድሶታል። ጌሙ በማርች 2024 ከመውጣቱ በፊት ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ ኢትሱኖ ጉዞ አሰልቺ የሚሆነው ጌሙ አሰልቺ ሲሆን ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ለጌም ድረ ገጹ አይጂኤን ተናግሮ ነበር። እንዳለውም አደረገው። ለመዝለል የሚያገለግለው ፌሪስቶን የሚባል ድንጋይ ውድ ነው፤ የሚወስዳችሁም ፖርትክሪስታል የሚባል የመድረሻ ምልክት ወዳለበት ቦታ ብቻ ነው። ረከስ ያለው የበሬ ጋሪ ነው፤ ተሳፍራችሁ ስታሸልቡ በመንገድ ጎብሊን ያጠቃችሁና ትነቃላችሁ፣ ከባሰም ግሪፈን የሚባል ክንፋም ጭራቅ መጥቶ ጋሪውን ይሰባብረዋል። በእግር ከሄዳችሁ ደግሞ በተመታችሁ ቁጥር ሙሉ ጤናችሁ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ድንኳን ተክላችሁ ወይም ማረፊያ ገብታችሁ ስታድሩ ነው። ስለዚህ ጉዞ ማለት ሒሳብ ነው፦ ሳይመሽ እደርሳለሁ? ድንኳን ይዣለሁ?

የሚያስቀው የጌሙ ድርጅት ካፕኮም ይህን ሁሉ ሠርቶ ሲያበቃ ጌሙ በወጣበት ቀን አንድ ፖርትክሪስታል በእውነተኛ ገንዘብ ለሽያጭ ማቅረቡ ነው። ጌሙ ውስጥም ይገኛል፣ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ተጫዋቹ ግን በጣም ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል። መንገዱ አስደሳች ነው እያልክ መንገዱን መዝለያ ከሸጥክ ሰው የትኛውን ልመን ቢልህ አይፈረድበትም።

እኔ እንዴት እጫወታለሁ ካላችሁ፣ መሄዱን በእግር፣ መመለሱን በማፕ ነው። አዲስ ቦታ ስሄድ አልዘልም፤ ዋሻውን ጨርሼ ዕቃ ልሸጥ ስመለስ ግን ያንኑ መንገድ ደግሜ አላይም። ስካይሪም ላይ መሃለኛው ምርጫ የከተማ በር ላይ የሚቆመው ጋሪ ነው። ከ20 እስከ 50 ወርቅ ከፍላችሁ ረግጣችሁ የማታውቁት ከተማ እንኳ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ራሳችሁ ትሄዱታላችሁ። ብዙ ሰው ማፑን ስለለመደ ጋሪው መኖሩን ይረሳዋል።

የጊዜ ነገርም አለ። ከሥራ ገብቶ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ፈረስ ላይ አጥፋው ማለት አይቻልም። በየሰፈሩ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ እግር ኳስ እንጂ ረጅም ሮል ፕሌይንግ ጌም ብዙም የማይከፈተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በሰዓት እየከፈለ ተራራ የሚወጣ የለም።

ጨርሶ ያለ ፋስት ትራቭል መሞከር የሚፈልግ ሰው በፈቃደኝነት ከሚታገል ይልቅ ጌሙ ራሱ የሚከለክልበትን ሞድ ቢከፍት ይሻለዋል፤ ማፑ ክፍት እያለ እጅን መሰብሰብ ከባድ ነው። የስካይሪም ሰርቫይቫል ሞድ የማፑን መዝለል ይዘጋና ጋሪውን ይተውላችኋል፤ ብርድ፣ ረሃብና ድካም ስለሚጨምር መንገዱ ትርጉም ያገኛል። የዚያው ቤቴስዳ ጌም ፎልአውት 4ም በ2016 የተጨመረለት ሰርቫይቫል ሞድ አለው፤ እሱ ግን ይከብዳል። በፈለጋችሁ ሰዓት ሴቭ ማድረግ የለም፣ አልጋ ፈልጋችሁ መተኛት አለባችሁ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ የምትጫወቱ ከሆነ ከስካይሪሙ ጀምሩ፤ እዚያ ቢያንስ በየመሃሉ ራሳችሁ ሴቭ ማድረግ ትችላላችሁ።